ለአንድ ማንቁርት የተጠራ አውጫጭኝ

ደሴ መናኸሪያ ውስጥ ሹፌር ያለው አውቶብስ ለመጨረሻ ጊዜ የታየው በ2049 ዓ.ም. ነው። ከዚያ ወዲህ የመጡት ራሳቸውን የሚነዱ ናቸው። በሰዓታቸው ይገባሉ፣ በራቸውን ይከፍታሉ፣ ግንባራቸው ላይ «ወልድያ» ብለው ያበራሉ፣ በሰዓታቸው ይወጣሉ። የመጀመሪያዎቹን ሦስት ሳምንታት ባዶአቸውን ነበር የሚወጡት። ሕዝቡ ሻንጣውን ይዞ በረንዳው ላይ ቆሞ ያያቸዋል እንጂ አይጠጋቸውም። ከአዲስ አበባ የተላከ መሐንዲስ በሩን፣ ወንበሩን፣ መብራቱን መርምሮ እንከን ቢያጣ አንዲት ሴትዮ ጠየቀ።

«ማን ጠርቶን እንሳፈር?» አለችው።

በዚያው ሳምንት ጠሪ ተቀጠረ። የተቀጠርኩትም እኔ ነኝ፤ አራጋው። የአያቴን ስም ነው ያወጡልኝ፣ ድምፁንም አብሮ ሰጥቶኛል። «ወልድያ! ወልድያ! ሁለት ሰው የቀረው!» ስል ሃምሳ ስምንት ወንበር ባዶ ነው፤ ሰው ግን ለሁለቱ ወንበር ሲጋፋ አውቶብሱ ይሞላል። በደህናው ጊዜ ድምፄ ሐይቅ ከተማ ድረስ ይሰማ ነበር። እዚያ ያሉ መንገደኞች ስጠራ ሰምተው፣ ሻያቸውን ጨርሰው፣ ተረጋግተው ይነሱ ነበር። የሚጠራጠር ሰው ሐይቅ ሄዶ ይጠይቅ። የሰሙት ሰዎች ሞተው ነው እንጂ ይነግሩት ነበር።

የባቲን መስመር የሚጠራው እንድሪስ ነው። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ጎን ለጎን ቆመን ተሰዳድበናል።

«አራጌ፣ ዛሬ ስንት ሞላህ?»

«ስምንት።»

«ወንበር?»

«አውቶብስ!»

«እኔ እኮ የጠየቅኩህ ከነቃህ ወዲህ ያለውን ነው።»

እንዲህ ያለ ምቀኛ ነው። ደግሞ ይህ ምቀኛ መታመኛው ከመቶ ዘጠና ስምንት ነው።

መታመኛ የሚሰጠው አድማጭ ነው። በየቤቱ ግድግዳ ላይ አለ፤ ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ሲሆን «እንዴት አደሩ?» ይላል፣ ሰው አንድ ደቂቃ ያወራለታል፣ እሱ ከድምፁ ልቡን፣ ሳንባውን፣ ስኳሩን ያነባል። ከእኛ ሕዝብ ጋር ሲተዋወቅ ግን ተቸግሮ ነበር። ሰው ሁሉ «ደህና፣ እግዚአብሔር ይመስገን»፣ «አልሐምዱሊላህ፣ ደህና» እያለ ሞተበት። ስለዚህ ለበሽታው የምንለውን ትቶ ድምፃችንን ብቻ እንዲሰማ ተደረገ። የምንለውን ደግሞ እያጣራ ለእያንዳንዳችን ነጥብ ይሰጣል። የእኔ መታመኛ አራት ነው። እሱንም የሰጠኝ ስሜን በትክክል ስለተናገርኩ ይመስለኛል።

በ2069 የመስቀል ሰሞን ድምፄ ሻከረ። አቧራ ነው አልኩ። በጥቅምት ብርድ ነው አልኩ። በኅዳር የማሳብብበት አጣሁ። ደንቡ አጭር ነው፤ አድማጭ ድምፁ ላይ እንከን ያገኘበት ጠሪ በዚያው ቀን ፈቃዱ ይነጠቃል። እኔ ደግሞ ያለ ፈቃድ ምንም ነኝ። ከመናኸሪያ ውጪ የማውቀው ሥራ የለም፣ ከመናኸሪያ ውጪ የሚያውቀኝም ሰው የለም። ኧረ መላው አገር ያውቀኛል፤ የሚያውቀኝ ግን በድምፄ ነው።

አንድ መፍትሔ አገኘሁ፤ ሌላ ሰው ቢሆን አያገኘውም። ከዓመታት በፊት የአውቶብስ ድርጅቱ ለበዓል መልካም ምኞት አንድ ሰዓት ሙሉ ቀርጾኝ ነበር፤ ቅጂው እጄ ላይ አለ። ጠዋት ጠዋት ትንሿን መቅረጫ ከአድማጭ ፊት አስቀምጥና ሻዬን እጠጣለሁ። ቅጂው «እንደ አንበሳ ነኝ! ወገቤ የብረት ነው!» ይላል። አድማጭም «ድምፅዎ ጤናማ ነው፣ መልካም ቀን» ይለዋል።

ሚስቴ ኢክራም ገና በመጀመሪያው ቀን ነው የያዘችኝ። «እንዲህ ያለ ትዳር ማን አየ?» አለች። «ሁለት ባል አለኝ። አንዱ ያወራል፣ አንዱ ይጠጣል።»

«የትኛው ይሻልሻል?»

«የሚያወራው ጤነኛ ነው። አንተ ሐኪም ቤት ሂድ።»

አልሄድኩም። ደግሞም አንድ ተአምር እያየሁ ነበር። ድምፄ ባነሰ ቁጥር አውቶብሶቼ ይበልጥ ይሞሉ ጀመር። ገና አፌን ስከፍት መንገደኛው ከበሩ ተግተልትሎ ይመጣና «ወልድያ አንተ ነህ?» ይለኛል። ዝና ይሉታል ይሄንን። «አርባ ሰው በሹክሹክታ ጠራሁ!» ብዬ ለሻይ ሻጯ ለዙበይዳ፣ ለወዛደሩ ለጋሽ ተሰማ፣ ለእንድሪስም ጭምር ስንት ጊዜ እንዳወራሁ አላስታውስም። እንድሪስ ጫማውን እያየ ይሰማኛል። ቅናት አንገት ያስደፋል ብዬ አለፍኩት።

በጥር 2071፣ አንድ ማክሰኞ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ፣ የሞላ አውቶብስ በር ይዤ «ሁለት ሰው የ...» እንዳልኩ ትንፋሼ ቆመ። ወደ ውስጥ ስስበው አንገቴ ውስጥ ሲጥ አለና እንደ ሽንብራ ቆሎ ተቀርቅሮ ቀረ። ደረጃው ላይ ወደቅኩ። አውቶብሱ በሩን ዘጋ፣ «የታመመ ሰው ተሳፍሯል» አለ፣ መንገዱን ቀየረ፣ ወልድያ የሚሄደውን ስልሳ ሰው ይዞ ጦሳ ተራራ ሥር ወዳለው ሆስፒታል ወጣ።

«ኧረ እኔ ወልድያ ቀብር አለብኝ!» ሲል ሰማሁ አንዱ።

«ዝም በል፣ ይልቅ እዚሁ ሊኖርህ ነው» አለው ሌላው።

ዶክተር ኑሀሚን የጉሮሮ ቀዶ ሐኪም ናት። ዕድሜዋ ከፈቃዴ ዕድሜ ብዙም አይበልጥም። በአፍንጫዬ ቀጭን ቱቦ አስገባች፣ የሚረጭ መድኃኒት ሰጠችኝ፣ ትንፋሼ በመጠኑ ተከፈተ። ከዚያ ወንበር ስባ እኔና ኢክራም ፊት ተቀመጠች።

«ጋሽ አራጋው፣ ማንቁርት ማለት ድምፅ የሚወጣበት የጉሮሮ ሳጥን ነው። ሥሩ ላይ ቀለበት የሚመስል ለስላሳ አጥንት አለ፣ ልክ እንደ ጆሮ። እዚያ ላይ ዕጢ በቅሎብዎታል። ከአራት እጅ ሦስቱን የመተንፈሻ መንገድ ዘግቶታል።»

«ምን ያህላል?» አልኩ በተረፈችኝ ድምፅ።

«ቴምር ያህላል።»

«ብርቱካን አይሆንም?»

«ብርቱካን ቢሆን ኖሮ ይህን ወሬ አናወራም ነበር።»

መርፌ አስገብታ ናሙና ልትወስድ ሞክራ ነበር። ዕጢው እንደ ድንጋይ መርፌውን ገፋው፤ የወጣችው ቅንጣት ለምርመራ አትበቃም። ስለዚህ ነገሩ ወደ መዛኙ ሄደ። መዛኙ የሆስፒታሉ ግድግዳ ላይ ያለ ሰሌዳ ነው፤ ያለውን ማስረጃ ሁሉ ሰብስቦ ይፈርዳል። ፍርዱ ከፊታችን በርቷል፦ «በፍጥነት የሚያድግ፣ የተለመደው የማንቁርት ካንሰር። ከመቶ ዘጠና ሦስት። ማንቁርት በሙሉ ይውጣ። ነገ ጠዋት፣ ሁለት ሰዓት።»

«በሙሉ ከወጣስ?» አለች ኢክራም።

«በአንገታቸው ላይ በሚከፈት ቀዳዳ ይተነፍሳሉ። ንግግሩን መሣሪያ ይናገርላቸዋል። የድሮ ቅጂ ካላቸው ደግሞ በራሳቸው ድምፅ ነው የሚናገረው። ብዙ ሰው ልዩነቱን አይለይም።»

ኢክራም እጄን ጨበጠችው። ሁለታችንም ያሰብነው ያንን ቅጂ ነው። ሁለት ዓመት ሙሉ ጠዋት ጠዋት ስለ እኔ ሲያወራ ሰምቼዋለሁ። አንድም ቀን አያስለውም። ኢክራም ስትቆጣው አይንተባተብም። እናቴ በሞተች ሰሞን እንኳን «እንደ አንበሳ ነኝ» ሲል ነበር። የቀረችኝን ዕድሜ እሱ እያወራ እኔ አጠገቡ ልቀመጥ?

ዶክተሯ ግን አልተነሳችም። የአንገቴን ፎቶ ወደ ብርሃኑ አዞረችው።

«አንድ ያልገባኝ ነገር አለ» አለች። «እዚህ ጋ ነጫጭ ነጠብጣብ አያችሁ? ፈንድሻ ይመስላል። እንዲህ የሚያሳየው ከራሱ ከለስላሳው አጥንት የሚነሳ ዕጢ ነው። ብርቅ ነው፤ ከሺህ የማንቁርት ዕጢ አሥር ቢገኝ ነው። ቀስ ብሎ ነው የሚያድገው፣ ዓመታት ይፈጃል። እሱ ከሆነ የታመመውን ብቻ ቆርጬ አወጣለሁ፣ ድምፅዎ ይተርፋል። እንደ ድሮው አይሆንም፣ ግን የእርስዎ ይሆናል። ችግሩ መዝገብዎ ነው። እስከ ዛሬ ጠዋት ድረስ ድምፅዎ እንከን የለበትም ይላል። ከጠዋት እስከ ሦስት ሰዓት እዚህ የደረሰ ዕጢ እንዴት ቀስ ብሎ የሚያድግ ይሆናል?»

ኢክራም አየችኝ። ኮርኒሱን አየሁ።

«ንገራት» አለች። «አለዚያ እኔ እነግራታለሁ፤ የኔ ደግሞ ስድብ አለበት።»

ነገርኩ። መቅረጫውን፣ ሻዩን፣ ሁሉንም። በሕይወቴ አንዲት ነገር ሳልጨምር የተናገርኩት ያኔ ነው። ዶክተሯ ወደ ሰሌዳው አቀረበችው። መዛኙ ለማሰብ እንኳን ጊዜ አልወሰደም፦ «የተናጋሪው መታመኛ፦ አራት። አልተመዘገበም።»

«መቅረጫው ቤት አለልሽ!» አለች ኢክራም። «ላምጣው?»

«መቅረጫው ቅጂ እንዳለ ነው የሚያስረዳው፣ ከመቼ ጀምሮ እንዳጫወቱት አያስረዳም። መዛኙ የሚቀበለው ሌላ ነገር አለ። ሰባት ሰው። ድምፃቸው ሲለወጥ በጆሮው የሰማ፣ ጊዜውን የሚያስታውስ፣ መታመኛው ከስልሳ በላይ የሆነ። እሱ ፊት ቆመው መናገር አለባቸው። ቁጥሩ ከሃምሳ በታች ከወረደ ውሳኔው የሐኪሙ ይሆናል።»

«እስከ መቼ?»

«እስከ ነገ ጠዋት ነው። ትንፋሻቸው ከዚያ በላይ አይጠብቀንም።»

በሩ ላይ አንድ ሰው ጉሮሮውን ጠረገ። እንድሪስ ነው። ከመናኸሪያ ዳገቱን በእግሩ ወጥቶ ላቡ ይንጠባጠባል።

«አውጫጭኝ ይጠራ» አለ።

ዶክተሯ ቃሉን አላወቀችውም፤ በእሷ ዘመን ማን ያስተምራል? በቅድመ አያቶቻችን ጊዜ በሬ ሲሰረቅ አገሩ በሙሉ ሜዳ ላይ ይቀመጣል። እውነቱ ሳይወጣ ማንም ወደ ቤቱ አይሄድም። የሚያውቅ ያወጣል፣ የማያውቅ ይምላል። እንድሪስ ይህንኑ በሁለት ዓረፍተ ነገር አስረዳት።

«የተሰረቀው ምንድን ነው?» አለች እየሳቀች።

«ሁለት ዓመት» አለ እንድሪስ። አልሳቀም።

ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ የሆስፒታሉ መጠበቂያ አዳራሽ ሞላ። መናኸሪያው በሙሉ ነው የመጣው። ሦስት ሺህ ሰው ይሆናል። ዶክተሯ ሠላሳ አንድ ብላ መዝግባለች፣ ግን እሷ የቆጠረችው የተቀመጡትን ነው። እኔን በተሽከርካሪ ወንበር ፊት ለፊት አስቀመጡኝ። መዛኙ ከአናቴ በላይ ዘጠና ሦስት ብሎ ያበራል።

መጀመሪያ ዙበይዳ ተነሳች። መናኸሪያው በር ላይ ሻይ ትሸጣለች፤ መታመኛዋ ሰማንያ አንድ ነው። ነጠላዋን አስተካክላ ሰሌዳውን ሳይሆን እኔን አየችኝ፣ ዓይኗ እንባ አቀረረ።

«የአራጋው ድምፅማ ማር ነው!» አለች። «ምን ይወጣለታል? ትናንትና እንኳን ሲጣራ ብርጭቆዎቼ ተንቀጥቅጠዋል።»

ሰሌዳው ዘጠና አራት ሆነ።

ወዛደሩ ጋሽ ተሰማ ኮፍያውን አወለቀ። «መለከት ነው እንጂ ድምፅ ነው እንዴ? ሃያ ዓመት ሰማሁት፣ ሃያውንም ዓመት ያው ነው። አምላክ ይማረው።»

ዘጠና አምስት።

ቀብር አለብኝ ያለው መንገደኛ እንኳን ተነሳ። ቀብሩን ትቶ ነው የተቀመጠው። «እኔ በየወሩ እመላለሳለሁ። እንዲህ ያለ ጥርት ያለ ድምፅ አልሰማሁም» አለ።

ዘጠና ስድስት።

ገባኝ። የታመመ ሰው ፊት ቆሞ «ተበላሽተህ ነበር» የሚል ሰው በዚህ አገር አልተወለደም። ዕድሜ ልኬን ስጠብቀው የኖርኩት ምስጋና በአንድ ከሰዓት ዘነበብኝ፤ እያንዳንዷ ምስጋና ደግሞ ከአንገቴ ላይ አንድ ጣት ትቆርጣለች። ዶክተር ኑሀሚን ግድግዳውን ተደግፋ ጥፍሯን ትነክሳለች። እነሱን መምራት አይፈቀድላትም።

የወንበሩን እጀታ ይዤ ተነሳሁ።

«ስደቡኝ» አልኩ።

ማንም አልሰማም። ኢክራም በእኔ ፈንታ ጮኸች፦ «ስደቡኝ ይላችኋል!»

«ኧረ በሞቴ!» አለች ዙበይዳ። «የታመመ ሰው ይሰደባል?»

«ከመቼ ጀምሮ እንደተበላሸ ተናገሩ ነው የምለው! በልጆቻችሁ!» ይህንንም ኢክራም ናት የደገመችው። ሰው ሁሉ ጣቶቹን ይቆጥራል። ይሉኝታ እንዲህ ሲከብድ ታይቶ አይታወቅም፤ ኮርኒሱ ራሱ ዝቅ ያለ መሰለኝ።

እንድሪስ ያኔ ወደ ፊት መጣ። እኔን አላየኝም። ለሰሌዳው ነው የተናገረው፣ ልክ ለባቲ መንገደኛ ሰዓት እንደሚነግር።

«በ2069፣ ከመስቀል ማግስት ጀምሮ ድምፁ ተሰንጥቋል። ታኅሣሥ ላይ ከሦስት መኪና ወዲያ አይሰማም። የ70 ፋሲካ ላይ አጠገቡ ካልቆምኩ አልሰማውም። ካለፈው ክረምት ወዲህ ከንፈሩን ነው የማነበው።»

መዛኙ ድምፅ አውጥቶ ጠየቀ፦ «የወልድያ አውቶብሶች በነዚህ ወራት ሙሉ ነበሩ። ያልተሰማ ሰው እንዴት ጠራ?»

እንድሪስ ጫማውን አየ። እንደዚያ ጫማውን ሲያይ ሁለት ዓመት አይቼዋለሁ።

«እኔ ነኝ የጠራሁለት» አለ። «ከበሩ ውጪ፣ ከዙበይዳ ሻይ ቤት ጥግ ቆሜ። የራሴን ከሞላሁ በኋላ። ወልድያ በዚህ ነው፣ ቀዩን ኮት የለበሰው ጋ ሂዱ እያልኩ።»

የሌላ መስመር መጥራት ፈቃድ ያስነጥቃል። ይህን የማያውቅ ሰው አዳራሹ ውስጥ አልነበረም።

«ውሸታም!» አልኩ። ማለቴን ያወቀው ከንፈሬን ማንበብ የለመደው እሱ ብቻ ነው።

«እኔ ነኝ ውሸታም?» ዞረ። «አንተ ግብዝ! ሹክሹክታህን ሳንባዬ እስኪበጠስ እጮህልሃለሁ፣ ከዚያ መጥተህ አርባ ሰው በሹክሹክታ ጠራሁ ትለኛለህ። ለኔው! ለኔው እኮ ነው የምትነግረኝ! ምላሴን ነክሼ ነው የሰማሁህ!»

«ለምን?»

«ማንን ልስደብ ታዲያ? ባዶውን መናኸሪያ?»

ተቀመጥኩ። ሰሌዳው ሰባ ዘጠኝ ይላል።

ዙበይዳ እንደገና ተነሳች። «የቅድሙን ልመልሰው? ይቻላል?» አለች ወደ ዶክተሯ። «ከዚያው መስቀል ጀምሮ ሻዩ ላይ ዝንጅብል ስጨምርለት ነው የኖርኩት፤ እንዳያፍር ብዬ አልነገርኩትም። የእህቴ ልጅ ሰርግ ጥር 69 ነበር። ያን ቀን ሊያስጨፍር ተነስቶ እንደ ዛገ ማጠፊያ ሲል እኔ ነኝ ከበሮውን ያጠነከርኩት።»

ከዚያ ወዲያ ግድቡ ፈረሰ። እንዲህ ያለ ስድብ በአንድ ሰው ላይ ሲወርድ ታሪክ አልመዘገበም። ጋሽ ተሰማ «የተቀደደ ወናፍ» አለኝ፣ ቀኑንም ከሚስቱ ተዝካር ጋር አያይዞ ነገረ። አንዷ «እንደ ታነቀ ዶሮ፣ ያኔ በረዶ የጣለ ጊዜ» አለች። የቀብሩ መንገደኛ ባለፈው ዓመት ስንት ጊዜ «ምን አልክ?» ብሎኝ እኔ «ጆሮህን ታጠብ» እንዳልኩት ተናገረ። ሁሉም ቀኑን በልደት፣ በሞት፣ በዝናብ ያውቀዋል። ሁሉም ያውቅ ነበር። ሁለት ዓመት ሙሉ መናኸሪያው በሙሉ እኔን ጤነኛ ለማስመሰል ሲሠራ፣ አለማወቄን ደግሞ እኔ ነበርኩ የማውጀው።

የመጨረሻዋ ኢክራም ናት።

«ማንኮራፋቱ በ69 ጥቅምት ተለወጠ» አለች። «ፊት እንደ ወፍጮ ነበር። ከዚያ ሲጥ ማለት ጀመረ። ሲጥ ሲል ከጀርባው ትራስ እጨምርለታለሁ። መጀመሪያ ሁለት ነበር፤ አሁን አራት ነው።» ነጠላዋን ወደ አፏ ወሰደችና ተቀመጠች። ትራሶቹ መብዛታቸውን እኔ የምቾት ጉዳይ ነው ብዬ ነበር።

ሰሌዳው ሃያ ሁለት ላይ ቆመ።

ዶክተሯ አጠገቤ ተንበረከከች። «አሁን ውሳኔው የኔ ነው። ግን ሃያ ሁለትም ቁጥር ነው፣ አይዋሽም። ስከፍተው ዕጢው ከቀለበቱ ከግማሽ በላይ በልቶ ካገኘሁት በሙሉ አወጣዋለሁ። ቀስቅሼ አልጠይቅዎትም። ይፈርማሉ?»

«ምን ያህል ዕድል አለኝ?»

«አላውቅም።»

«አንድ ቁጥር ጥሪልኝ እንጂ። የፈለግሽውን።»

«ለእርስዎ ቁጥር መስጠት አደጋ አለው» አለች። ፈረምኩ።

ቀዶ ጥገናው አራት ሰዓት ፈጀ ይላሉ። እኔ አሥራ አንድ ነው እላለሁ። ስነቃ አንገቴ ላይ ቱቦ አለ፣ ትንፋሼ በእሱ ይወጣል ይገባል። ይህ በሁለቱም መንገድ የሚደረግ ነው፤ ስለዚህ ማንቁርት ይኑረኝ አይኑረኝ ከቱቦው ማወቅ አይቻልም። ዓይኔን ከኮርኒሱ ሳላነሳ ጠበቅኩ። ዶክተሯ መጣች፣ ዓይኗ ቀልቷል።

«ከቀለበቱ ከሦስት እጅ አንዱን ወሰድኩ፣ ሌላው እንዳለ ተርፏል» አለች። «ፈንድሻው ነበር። ዕጢው ተመርምሯል፣ ቀስ ብሎ የሚያድገው ነው። ድምፅ ግን ይውጣ አይውጣ አላውቅም። ለድምፅ የሚያገለግል አንድ ነርቭ ዕጢው ላይ ተጣብቆ ነበር፤ በጣቴ ነው ያላቀቅኩት። አሥር ቀን ዝም ይበሉ። ሹክሹክታም ክልክል ነው።»

መዛኙ ሦስት ቀን ቆይቶ በመዝገቤ ላይ «ተስተካክሏል» ብሎ ጻፈ። ሌላ የጻፈው የለም።

አሥር ቀን ዝም አልኩ። ኢክራም በሃያ ስድስት ዓመት ትዳር ያላስጨረስኳትን ዓረፍተ ነገር ሁሉ ጨረሰች። አንዳንዱ መልካም ነበር። እንድሪስ በየቀኑ ከረፋዱ አራት ሰዓት ላይ ይመጣል። ፈቃዱን ለስድስት ወር ነጥቀውት ሥራ ፈቷል።

«ወልድያን አሁን ማን እንደሚጠራ ታውቃለህ?» አለኝ በአምስተኛው ቀን። «ቅጂህ። ድርጅቱ በድምፅ ማጉያ ለቆታል።»

ወረቀት ላይ ጻፍኩ፦ «ይሳፈራሉ?»

ሊዋሽልኝ አሰበ፤ ፊቱ ላይ አየሁት። መታመኛው ዘጠና ስምንት የሆነ ሰው ውሸት አያምርበትም።

«ይሳፈራሉ» አለ። «ሰው ይለምዳል፣ አራጌ።»

ያን ቀን ቶሎ አልሄደም፤ ያመጣልኝን ሁለት ብርቱካን ልጦ ሁለቱንም ራሱ በላቸው፤ እኔ መዋጥ አልችልም ነበርና።

በአሥረኛው ቀን ዶክተር ኑሀሚን የቱቦውን አፍ በትንሽ ክዳን ዘጋችው። «አንድ ቃል» አለች። «አንድ ብቻ፣ አጭር።»

አሥር ቀን ሙሉ ንግግር ሳዘጋጅ ነበር፤ ነገሥታት የሚቀኑበት ንግግር። ኢክራም የአልጋውን ጫፍ ይዛለች። እንድሪስ ጀርባውን ሰጥቶኝ በመስኮቱ የጦሳን ጉም ያያል፤ ፊቱን ማሳየት አልፈለገም። አየር ሳብኩ። አየሩ በአንገቴ ውስጥ ወጣ፣ አንድ ነገር ነካ፣ ያ ነገር ተንቀጠቀጠ።

«እንድሪስ» አልኩ።

የድሮው ድምፄ አልነበረም፣ የቅጂውም አልነበረም። ደረቅና ቀጭን ነበር፣ ወደ መጨረሻው ተሰበረ። አላጋንንም፤ ከሦስት እርምጃ በላይ አይሄድም። እንድሪስ የቆመው አራት እርምጃ ላይ ነው።

«አልሰማሁም» አለ ሳይዞር።

«እንድሪስ።»

«አልሰማሁም እኮ! ሐይቅ ድረስ ይሰማል ስትል አልነበር?» ትከሻው ይንቀጠቀጣል።

«ጋሽ አራጋው፣ አንድ ቃል ብዬዎታለሁ» አለች ዶክተሯ፤ ክዳኑን ግን አልነካችውም።

ለሦስተኛ ጊዜ ጠራሁት። ሳይዞር፣ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ፣ ወደ አልጋዬ መጣ።

«እሺ፣ አሁን ሰማሁ» አለ። «ምን ፈለግክ?»